«ደመወዝ ስለሌለህ ካሳ የለህም» የተባሉ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካይ በፔንስልቬንያ ሕግ ያላቸው መብት

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በፔንስልቬንያ ግዛት በአለንታውን አቅራቢያ በምትገኝ አነስተኛ ቦሮ ይኖራሉ፤ ቦሮ የሚባለው የራሱ ምክር ቤት ያለው፣ ከከተማ አነስ ያለ አስተዳደር ነው። በሳምንት 800 ዶላር ገደማ እየተከፈላቸው በዕቃ መጋዘን የሚሠሩ ሲሆን፣ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜያቸው ለሦስት ዓመት ያህል በሰፈራቸው የእሳት አደጋ ጣቢያ በበጎ ፈቃደኝነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በጥቅምት 2025 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ እሑድ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ በስልክ መልእክት ጠርቷቸው፣ የታጠቡትን የውኃ ቱቦዎች በእሳት አደጋው መኪና ላይ ሲደረድሩ ከላይ ወድቀው የቀኝ ትከሻቸው ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ሕክምና ታዞላቸዋል፤ ወደ መጋዘኑ ሥራ ካልሄዱ ሰባት ሳምንት አልፏል። አዛዡ «አንተ በጎ ፈቃደኛ እንጂ ተቀጣሪ አይደለህም፤ ደመወዝ ስለሌለህ የሠራተኛ ካሳ የለህም፤ ጣቢያው ከገባው የአደጋ መድን ትንሽ ነገር ታገኛለህ» ብሏቸዋል። መጋዘኑም ጉዳቱ እኛ ዘንድ ስላልደረሰ አይመለከተንም ይላል። ጠያቂው ማወቅ የፈለጉት ካሳ ይገባቸው እንደሆነ፣ የሚገባቸው ከሆነ ስንት ብርና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈላቸው፣ እንዲሁም መጋዘኑ ከሥራ ሊያሰናብታቸው ይችል እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ አዛዡ የነገሩዎት ትክክል አይደለም። የፔንስልቬንያ የሠራተኛ ካሳ ሕግ አንቀጽ 601 የበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ጣቢያ አባላትን በስም ጠቅሶ ለካሳ ጉዳይ ሲባል እንደ ተቀጣሪ ይቆጥራቸዋል። አሠሪያቸው ጣቢያው ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ፣ በእርስዎ ሁኔታ ቦሮው ነው። ይህ ልዩነት ለሥነ ሥርዓት ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስልዎት፤ የሚከፍለው የቦሮው መድን ሰጪ ስለሆነ ማመልከቻውም፣ ማስታወቂያውም፣ ክርክሩም የሚሄደው ወደ ቦሮው ነው። ጣቢያው ራሱን የቻለ ማኅበር ሆኖ የራሱ ሊቀ መንበር፣ የራሱ ገንዘብ ያዥና የራሱ ሕንፃ ስላለው አባላቱ ቦሮውን ከነመኖሩም ይረሱታል። አዛዡም በክፋት የተናገሩ አይመስለኝም፤ አብዛኞቹ አዛዦች ራሳቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚያውቁትም በየዓመቱ ውሉን የሚያድሱትን የጣቢያውን የአደጋ መድን ነው።

ሕጉ እንዲህ የተጻፈበት ምክንያት የግዛቱ ታሪክ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በፊላደልፊያ የመጀመሪያውን የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ማኅበር ያቋቋሙት በ1736 ነው፤ ዛሬም ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ካሉ፣ በፔንስልቬንያ ደወል ሲደወል የሚደርሱት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። በ1970ዎቹ 300 ሺህ ገደማ ይደርስ የነበረው ቁጥራቸው ወደ 38 ሺህ መውረዱን በ2018 ለግዛቱ ምክር ቤት የቀረበ ሪፖርት ገልጿል። ማዘጋጃ ቤቶቹ ለእነዚህ ሰዎች ደመወዝ ባለመክፈል የሚያተርፉት ገንዘብ ብዙ ስለሆነ፣ ሰውየው ሲጎዳ ኪሳራውን እነርሱ እንዲሸከሙ ሕጉ አዟል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ መሠራት ያለበት ነገር አለ። የተጎዳ ሰው ጉዳቱን በ21 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ካስታወቀ ካሳው የሚታሰበው የመሥራት አቅሙን ካጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ከ21 ቀን በኋላ፣ ነገር ግን በ120 ቀን ውስጥ ካስታወቀ ካሳው የሚታሰበው ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ ብቻ ይሆናል። 120 ቀን ካለፈ፣ አሠሪው ጉዳዩን አስቀድሞ ካላወቀ በቀር መብቱ ይጠፋል። እርስዎ አሁን በሁለቱ ቀነ ገደቦች መካከል ነዎት። አዛዡ ሲወድቁ ስላዩ «አሠሪው ያውቅ ነበር» የሚል ክርክር ይኖርዎታል፤ ጥሩ ክርክርም ነው። ሆኖም የቦሮው መድን ሰጪ «አዛዡ የቦሮው ሠራተኛ አይደለም፤ የእርሱ ማወቅ የእኛ ማወቅ አይደለም» ብሎ ሊመልስ ስለሚችል፣ ያለፉትን ሰባት ሳምንታት ለማስከበር በዚህ ክርክር ይጠቀሙበት እንጂ የወደፊቱን ግን ለክርክር አይተዉት።

ማስታወቂያው በቃልም ቢሆን ይሠራል፤ እኔ ግን በጽሑፍ፣ ለቦሮው ጸሐፊ በእጅ ሰጥተው ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን እንዲያስደርጉ፣ ወይም በአደራ ደብዳቤ እንዲልኩ እመክራለሁ። ሕጉ የሚጠይቀው ይዘት ጥቂት ነው፤ ማን እንደተጎዳ፣ ጉዳቱ በተራ ቋንቋ ምን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደደረሰ፣ በአገልግሎት ላይ መድረሱንም መግለጽ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ደብዳቤ ሐሳብ እንዲህ ያለ ይሁን፦ «የእሳት አደጋ ጣቢያው አባል የሆንኩት እኔ እገሌ፣ በዚህ ቀን ከጠዋቱ በዚህ ሰዓት፣ በጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ በአዛዡ ትእዛዝ በእሳት አደጋ መኪና ላይ ቱቦ ስደረድር ወድቄ ቀኝ ትከሻዬን ተጎድቻለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መደበኛ ሥራዬን መሥራት አልቻልኩም፤ ይህን ለሠራተኛ ካሳ መድን ሰጪያችሁ አስተላልፉልኝ።» ይህ ይበቃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ መሰላሉ አሮጌ እንደነበረ፣ ማን እንዳላገዘዎት አይጻፍ። በዚህ ሕግ የጥፋተኝነት ጥያቄ ቦታ የለውም፤ አሠሪው ባያጠፋም ይከፍላል፤ እርስዎም በቸልተኝነት ወድቀው ቢሆን እንኳ ካሳው አይቀነስብዎትም።

አሁን ወደ ዋናው የክርክር ሜዳ እንግባ። በደመወዝተኛ ሠራተኛ ጉዳይ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሕክምናው ማስረጃ ላይ ሲሆን፣ በበጎ ፈቃደኛ ጉዳይ ግን መድን ሰጪው ቀድሞ የሚጠይቀው «በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ነው። አንቀጽ 601 ሽፋን የሚሰጥባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እሳት በማጥፋት ላይ ሳሉ፣ ጣቢያው ወደተጠራበት እሳት ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ፣ ለማንኛውም የድንገተኛ ጥሪ ምላሽ ሲሰጡ፣ ጣቢያው በሚካፈልበት የሥልጠና ልምምድ ላይ፣ በጣቢያው መኪና ላይ ተሳፍረው ሳሉ የደረሰ ጉዳት ይሸፈናል። ጉዞውን በተመለከተ ሕጉ ለጋስ ነው፤ ደወሉ ሲደርስዎት ከነበሩበት ቤት፣ የሥራ ቦታ ወይም ሌላ ስፍራ በግል መኪናዎ ሲነሡ ጀምሮ ሽፋኑ አብሮዎት ይጓዛል፤ ተራ ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲሄድ የማያገኘው ጥቅም ነው። መመለሻው ግን በቀጥታ የሆነ እንደሆነ ነው፤ ከእሳቱ ሲመለሱ ለግል ጉዳይ ጎራ ብለው በዚያው ቢጎዱ ነገሩ ይከብዳል።

የእርስዎን ጉዳይ የሚመለከተው ሐረግ ከእነዚህ የተለየ ነው። ሕጉ በእሳት አደጋ መኪናው፣ በመሣሪያው፣ በጣቢያው ሕንፃና ግቢ ላይ የሚደረግ ጥገናንና ሌላ ሥራን ይሸፍናል፤ ነገር ግን «አዛዡ ወይም ኃላፊ የሆነ ሌላ ሰው ሲፈቅድ» ይላል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት በራስዎ ተነሣሽነት መጥተው ቢሆን ኖሮ ጉዳይዎ የሚያከራክር ይሆን ነበር። አዛዡ «ና፣ ቱቦውን እንጫን» ብለው የላኩልዎት የስልክ መልእክት ግን ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። መልእክቱን ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱት፣ ወደ ኢሜይልዎም ይላኩት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። በዚያ ጠዋት አብረዋችሁ የነበሩትን ሰዎች ስምና የጣቢያውን የመገኘት መዝገብ ቅጂም ያግኙ።

በነገራችን ላይ ሌሎች አንባቢዎች ሊያስተውሉት የሚገባው፣ የጣቢያው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ነው። የዶሮ ጥብስ ሽያጭ፣ የዓሣ እራት፣ ቢንጎ፣ የበጋ ባዛር በእነዚህ ጣቢያዎች ሕይወት ውስጥ ከእሳት ማጥፋቱ የማይተናነስ ጊዜ ይወስዳሉ። በዘይት ድስት ፊት ቆሞ የተቃጠለ በጎ ፈቃደኛ ሽፋን የሚያገኘው ሥራው «በማዘጋጃ ቤቱ የተፈቀደ ሌላ ተግባር» በሚለው ሐረግ ሥር ሲወድቅ ነው። አንዳንዱ ምክር ቤት እነዚህን ዝግጅቶች ዘርዝሮ በውሳኔ ያጸድቃል፤ ሌላው ጭራሹን አስቦት አያውቅም። የጣቢያችሁን ሊቀ መንበር «ምክር ቤቱ ያጸደቀው የተግባር ዝርዝር አለን?» ብሎ መጠየቅ ዛሬ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የሠራተኛ ካሳ የሚሰላው ከጉዳቱ በፊት ከነበረው አማካይ የሳምንት ደመወዝ ነው። የበጎ ፈቃደኛ ደመወዝ ዜሮ ነው፤ የዜሮ ሁለት ሦስተኛም ዜሮ ነው። አዛዡ የቆሙት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ግን አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ የበጎ ፈቃደኛው ደመወዝ ቢያንስ ከግዛቱ አማካይ የሳምንት ደመወዝ ጋር እኩል እንደሆነ ይገምታል፤ ይህም ማስተባበያ የማይቀርብበት የሕግ ግምት ነው። መድን ሰጪው «ይህ ሰው በመጋዘን የሚያገኘው 800 ዶላር ብቻ ነው»፣ ወይም «ተማሪ ነው፣ ምንም ገቢ የለውም» ብሎ ግምቱን ለማፍረስ ማስረጃ ቢያቀርብ ዳኛው አይቀበለውም።

በ2025 ለደረሰ ጉዳት የግዛቱ አማካይ የሳምንት ደመወዝ 1,347 ዶላር ነው፤ ይህ ቁጥር የሳምንታዊ ካሳ ጣሪያም ሆኖ ያገለግላል። ሙሉ ለሙሉ መሥራት ያልቻለ ሰው የሚከፈለው ሁለት ሦስተኛው ሲሆን፣ ለእርስዎ በሳምንት 898 ዶላር ይደርሳል ማለት ነው። ከመጋዘኑ ደመወዝ በላይ መሆኑ ሲያዩት ስሕተት ይመስላል፤ ስሕተት አይደለም። ጉዳቱ በመጋዘኑ ውስጥ ደርሶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዓመት በ800 ዶላር ደመወዝ የሚታሰብልዎት 673 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። በሌላ በኩል የበጎ ፈቃደኛው ትክክለኛ ደመወዝ ከአማካዩ ከበለጠ በአማካዩ ላይ አይቆምም፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል የተቀመጠው ለዚህ ነው። በሳምንት 1,800 ዶላር የሚያገኝ ሰው ሁለት ሦስተኛው 1,200 ስለሆነ ከጣሪያው በታች ነው። ይህ ገንዘብ የፌዴራልም ሆነ የግዛቱ የገቢ ግብር አይነካውም። ተመኑ ግን በጉዳቱ ዓመት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ የኑሮ ውድነት ቢጨምርም፣ የግዛቱ አማካይ በጥር ቢያድግም የእርስዎ 898 አይንቀሳቀስም።

በዚህ ሕግ ቋንቋ የመሥራት አቅም ማጣት ማለት አካሉ መጎዳቱ ሳይሆን በጉዳቱ ምክንያት ገቢ የማግኘት አቅሙ መቀነሱ ነው። ትከሻው ተበጥሶም በሙሉ ደመወዙ በቢሮ የሚሠራ ሰው የሕክምና ወጪው ይሸፈንለታል እንጂ የሳምንት ክፍያ ላያገኝ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አይከፈልባቸውም፤ የመሥራት አቅም ማጣቱ 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ግን እነዚያም ቀናት ወደ ኋላ ተመልሰው ይከፈላሉ፤ እርስዎ ይህን ካለፉ ቆይተዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ቀላል ሥራ ፈቅዶልዎት በትንሽ ደመወዝ ከተመለሱ ክፍያው ከፊል ይሆናል፤ በቀድሞው ደመወዝና አሁን በሚያገኙት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ነው። በሳምንት 500 ዶላር ቢያገኙ ከ1,347 ላይ ተቀንሶ 847 ይቀራል፤ የእርሱ ሁለት ሦስተኛ 565 ዶላር ገደማ ነው። ከፊል ካሳና የአሁኑ ደመወዝ ተደምረው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባልደረባ ከሚያገኘው እንዳይበልጡ ሕጉ ስለሚከለክል፣ በዚህ ደረጃ ላይ መድን ሰጪው ክርክር ሊያነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ሥራ ከመመለስዎ በፊት ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት።

የጊዜው ርዝመት እንዲህ ነው። ሙሉ የመሥራት አቅም ማጣት በራሱ የተቆረጠ የጊዜ ገደብ የለውም። ነገር ግን 104 ሳምንት ሙሉ ካሳ ከተከፈለ በኋላ መድን ሰጪው በሐኪም የሚደረግ የአካል ጉዳት መጠን ምዘና ሊጠይቅ ይችላል፤ በ2018 የተሻሻለው ሕግ እንደሚለው፣ ውጤቱ ከመላው ሰውነት 35 በመቶ በታች ከሆነ የካሳው ዓይነት ወደ ከፊል ይለወጣል። የሳምንቱ ገንዘብ ያን ዕለት አይቀንስም፤ ሰዓቱ ግን መቁጠር ይጀምራል፤ ከፊል ካሳ የሚከፈለው ቢበዛ 500 ሳምንት ነውና። የአንድ ትከሻ ጉዳት 35 በመቶ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ ውጭ ለተወሰኑ የአካል ክፍሎች መጥፋት ሕጉ የቆረጠው ሳምንት አለ፤ ለእጅ 335፣ ለመላው ክንድ ወይም እግር 410፣ ለዓይን 275 ሳምንት ነው። እሳት ፊትን፣ ጭንቅላትን ወይም አንገትን አቃጥሎ የማይጠፋና የሚያስከፋ ጠባሳ ከተወም እስከ 275 ሳምንት ይከፈላል፤ ሰውየው በማግስቱ ሥራ ቢገባም ይህ አይቀርበትም።

በዚህ አጋጣሚ በቨርጂኒያ ለሚኖሩ አንባቢዎች ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከላይ የተባለውን እንዳለ ወደ ራሳችሁ አትውሰዱት። በቨርጂኒያ በጎ ፈቃደኛው እንደ ተቀጣሪ የሚቆጠረው የካውንቲው ወይም የከተማው አስተዳደር ይህን የሚቀበል ውሳኔ ካሳለፈ ነው፤ ደመወዙም ዝቅተኛውን ካሳ የሚያስገኝ ተደርጎ ይገመታል። ኒው ዮርክ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ ለበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ብቻ የወጣ የተለየ የጥቅም ሕግ አላት። ድንበር በተሻገሩ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ ተገቢና አስፈላጊ የሆነው ሁሉ ያለ እርስዎ መዋጮ ይከፈላል። እስካሁን በመጋዘኑ የጤና መድን ተጠቅመው ከሆነ ያ መድን የከፈለውን ከቦሮው መድን ሰጪ መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ጉዳቱ በእሳት አደጋ አገልግሎት ላይ መድረሱን ለሐኪሙ ቢሮ መንገርና በሕክምና መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። በድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ከፍታ ላይ ወድቆ» ብቻ ተጽፎ የት እንደወደቁ ካልተጻፈ፣ መድን ሰጪው ያንን ወረቀት በዳኛው ፊት ሲያነብ መስማትዎ አይቀርም። ቦሮው ቢያንስ ስድስት ሐኪሞችና የሕክምና ተቋማት ያሉበትን ዝርዝር በአግባቡ ለጥፎ፣ እርስዎም ስለ መብትና ግዴታዎ በጽሑፍ ተገልጾልዎት ፈርመው ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከዝርዝሩ ውስጥ መርጠው መታከም አለብዎት። ለበጎ ፈቃደኞች ይህ ሥርዓት ተሟልቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዝርዝሩ እንዳለ ቦሮውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቦሮው ማስታወቂያዎ ከደረሰው በኋላ መድን ሰጪው በ21 ቀን ውስጥ መክፈል መጀመር ወይም መከልከሉን መግለጽ አለበት። ከሚደርሱዎት ወረቀቶች አንዱ «ጊዜያዊ የካሳ ክፍያ ማስታወቂያ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኃላፊነቱን ሳያምን እስከ 90 ቀን የሚከፍልበት መንገድ ነው፤ በጊዜው ካላቋረጠው በሕግ ወደ መደበኛ ማስታወቂያ ይለወጣል። ከከለከለ የካሳ አቤቱታ በግዛቱ የሠራተኛ ካሳ ቢሮ በኩል ይቀርብና ጉዳዩ ለሠራተኛ ካሳ ዳኛ ይመራል። አቤቱታው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሦስት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በዳኛው ውሳኔ ላይ ይግባኝ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ቦርድ፣ ከዚያም በ30 ቀን ውስጥ ኮመንዌልዝ ፍርድ ቤት ለሚባለው የግዛቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የጠበቃ ክፍያ በመደበኛው ከሚገኘው ካሳ 20 በመቶ ነው፤ ዳኛው ማጽደቅም አለበት፤ ስለዚህ ቀብድ የሚጠይቅ ጠበቃ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። በእንግሊዝኛ ለመመስከር የሚቸገር ሰው አስተርጓሚ እንዲመደብለት ችሎቱን መጠየቅ ይችላል፤ አማርኛም ከዚህ አይገለልም። የቤተሰብ አባል እንዲያስተረጉም ግን አይፍቀዱ። «ታዘዝኩ» እና «ተጠየቅኩ» መካከል ያለው ልዩነት ጉዳይዎን የሚወስን ሆኖ ሳለ፣ ወንድም ወይም ልጅ ለማገዝ ብሎ ሊያቃልለው ይችላል።

አዛዡ የጠቀሱት የአደጋ መድን ተጨማሪ ነው እንጂ የካሳው ምትክ አይደለም፤ መውሰድዎም በራሱ ካሳውን አያሳጣዎትም። ከክፍያው ጋር የሚያስፈርምዎት ወረቀት «ከዚህ በኋላ በማንም ላይ ጥያቄ የለኝም» የሚል ሐረግ እንዳለው ግን ያንብቡ፤ ካለው አይፈርሙ። ሌላም ብዙ አባል የማያውቀው ምንጭ አለ። ከግዛቱ ውጭ የተቋቋሙ የመድን ኩባንያዎች በሚሸጡት የእሳት መድን ላይ ከሚከፍሉት 2 በመቶ ግብር የሚገኘው ገንዘብ ለበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች የመረዳጃ ማኅበራት ይከፋፈላል፤ ማኅበሩ በአገልግሎት ላይ የተጎዳ አባልን መርዳት አንዱ ዓላማው ስለሆነ፣ የጣቢያችሁን የመረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጉዳቱ ዘላቂና ማንኛውንም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ የሚከለክል ለሆነበት ሰው ደግሞ የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች ጥቅም በጎ ፈቃደኞችንም ይጨምራል፤ ደረጃው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ የእርስዎ ትከሻ እዚያ እንደማይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት አበል የሚጠይቅ ሰው ከካሳው ጋር ተደምሮ ከቀድሞ ገቢው 80 በመቶ በላይ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲው ክፍል እንደሚቀነስ ይወቅ።

ከጥያቄዎ ጥቂት የወጣ፣ ግን በጣቢያው መቆየት ከፈለጉ የሚያስፈልግዎት ነጥብ ካንሰር ነው። በ2011 የወጣው ሕግ 46 የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ካንሰር ከሥራ ጋር የተያያዘ በሽታ አድርጎ ይገምታል፤ ቢያንስ አራት ዓመት ተከታታይ አገልግሎት፣ ካንሰር እንዳልነበረ የሚያሳይ የሕክምና ምርመራ፣ እንዲሁም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በአንደኛ መደብ ለፈረጀው ንጥረ ነገር መጋለጥ ያስፈልጋል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ታማሚው በዚህ ደረጃ ማሳየት ያለበት ንጥረ ነገሩ ያንን የካንሰር ዓይነት ሊያስከትል የሚችል መሆኑን እንጂ የእርሱን ካንሰር በእርግጥ እንዳስከተለ አይደለም ብሏል። በጎ ፈቃደኛ ግን ከደመወዝተኛው የተለየ ተጨማሪ ሸክም አለበት፤ መጋለጡ ግዛቱ በሚያስተዳድረው የእሳት አደጋ መረጃ መዝገብ በገቡ ሪፖርቶች መደገፍ አለበት። ሪፖርቱን የሚያስገባው ጣቢያው ነው፤ እርስዎ በእሳቱ ላይ መገኘትዎ በስም መመዝገቡን በየጊዜው ማረጋገጥ የእርስዎ ፈንታ ነው።

መጋዘኑ ሊያሰናብትዎት ይችል እንደሆነ ለጠየቁት፣ ሁለት ሕጎች ይረዱዎታል። በ1977 የወጣ የፔንስልቬንያ ሕግ አሠሪ ሠራተኛውን በበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ አገልግሎት ላይ በመጎዳቱ ምክንያት እንዳያሰናብት ወይም እንዳይቀጣ ይከለክላል። ሁለተኛው የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ነው፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ 12 ወር የቆዩና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠሩ ከሆነ ለራስዎ ከባድ ሕመም 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛሉ፤ የጤና መድንዎም ይቀጥላል። ባለፉት ሰባት ሳምንታት የቀሩበት ጊዜ በዚህ ፈቃድ ተመዝግቦ ይሁን፣ ወይስ እንዲሁ እንደ መቅረት ተቆጥሮ፣ የመጋዘኑን የሰው ኃይል ክፍል ዛሬ ይጠይቁ። የቀዶ ሕክምና ሐኪምዎም ማንሣት የማይችሉትን ክብደት፣ ክንድዎን ከትከሻ በላይ ማድረግ አለመቻልዎንና የሚቀጥለውን የቀጠሮ ቀን የሚገልጽ ወረቀት እንዲጽፍልዎት ያድርጉ፤ አንዱን ቅጂ ለመጋዘኑ፣ አንዱን ለቦሮው መድን ሰጪ ይስጡ።